ብርድ የምንጠብቅበት ቤት

የላምባ ፍሪጅ ድምፅ የለውም። በመብራት ብቻ የሚሠራው ሲነሣም ሲቆምም ይሰማል፣ እንደ ድመት ያንኮራፋል ይላሉ። የእኛው ግን ቢሠራም ዝም፣ ቢጠፋም ዝም ነው። መሥራቱን ለማወቅ መሬት ላይ በደረት ተኝቶ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መስታወት ማየት ያስፈልጋል። ነበልባሉ እዚያ ውስጥ ይታያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ እየጨሰ ስለሆነ ክሩ ይስተካከላል። ምንም ካልታየ ጠፍቷል፤ መቼ እንደጠፋ ግን የሚነግር የለም።

በዚያ ዘመን ወንበር ላይ ከተቀመጥኩበት ወለል ላይ የተኛሁበት ይበዛል። ከገበያ ስገባ ነጠላዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ መሬት እወርዳለሁ። ወጥ እያማሰልኩ ትዝ ሲለኝ ማማሰያውን እንደያዝኩ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ እንደተዘረጋሁ አገኘችኝ። ከሰሜን የመጣች፣ ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«በእመብርሃን!» አለች። «እናንተ ጴንጤዎች ለሥዕል አንሰግድም ስትሉ፣ ለካ ለፍሪጅ ነው የምትሰግዱት?»

«እሳቱን እያየሁ ነው፣ እትዬ።»

«እሱማ የኛም ቄስ ሲሰግድ አንድ ነገር እያየ ነው። እስቲ ዞር በይ።»

ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተኛችና አንድ ዐይኗን ጨፍና መስታወቷን አየች። «ሰማያዊ ነው። አሜን በይ» ብላ ተነሣች፣ ወንፊቱንም ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ ሰላምታዋ «እሳትሽ እንዴት አደረ?» ሆነ። እሷ ትስቅ ነበር። እኔ ለመሳቅ ብሞክርም አይሆንልኝም፤ ከዚያ እሳት በላይ በነበረችው መደርደሪያ ላይ የልጄ ዕድሜ በትንንሽ ጠርሙስ ተቀምጦ ነበርና።

ከሴቷ ልጄ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሌት ተቀን ውኃ ይጠጣ ነበር። ጣሳው የእንስራውን አፍ ሲመታ፣ ከዚያ ጉሮሮው ሲያወርድ፣ ከዚያ ደግሞ ጣሳው ሲመለስ እሰማለሁ። መጀመሪያ ስቀንበታል፤ አባቱ «ይህ ልጅ ወንዝ ዳር መወለድ ነበረበት» ይል ነበር። በኋላ ሥጋው አለቀ። የሚበላው ሁሉ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አንዳንዱ ዐይን ነው አለ፣ ሌላው የሆድ ትል ነው አለ፣ የጸሎት ወገኖቻችን እጃቸውን ጭነው አለቀሱ። መጨረሻ ላይ ሳቅፈው ትንፋሹ የበሰለ ሙዝ ይሸት ነበር። ጣፋጭ ሽታ ነው፣ ሰው ደህና ነገር ይመስለዋል። በክረምት ቀበርነው። ሰው ሙዝ ይዞልኝ ሲመጣ አመስግኜ እቀበልና እንግዳው ሲሄድ ለጎረቤት እሰጣለሁ።

ልጄ ትምህርት ቤት ለመግባት ስትደርስ አንድ ቀን ጓሮ ጎመን እየቀጠፍኩ ጣሳውን ሰማሁት። አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ፣ ቆይቶ ደግሞ። ጎመኑን ጥዬ ገባሁ፣ ልጄን ከእንስራው ላይ አነሣሁና እንደ ሕፃን አዝዬ ልብስ ወደማጥብበት የፈረንጆች ክሊኒክ ሮጥኩ። ነርሷ ሽንቷን አየች። «ስኳር ነው» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። መርፌ አለው፣ በየቀኑ ትወጋለች፣ ካልተወጋች ትሞታለች። መድኃኒቱ ብርድ ቦታ ይቀመጣል። «ሙቀት ጠላት ነው። ሙቀት መድኃኒት ይገድላል» እያለች በጣቷ አስጠነቀቀችኝ። የነገረችኝ ስለ ሙቀት ብቻ ነበር።

ወንዱ ልጄም ይህ እንደነበረበት ያን ቀን ገባኝ። የክሊኒኩን ልብስ ማጠብ ቀጠልኩ።

ፈረንጆቹ አገር ልቀቁ ሲባሉ ነርሷ ያንን ፍሪጅ ለእኔ ተወችልኝ። ባለቤቴ በጋሪ አስጭኖ አመጣው፤ ፈረሱ እንኳ ዞር እያለ ያየው ነበር። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ሰዎች መጡ። የሕዝብ ንብረት ነው ብለው ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ከመካከላቸው አንዱ ሥጋና ቢራ እንደሚያገኝ ሰው የፍሪጁን በር በርግዶ ከፈተ። ያገኘው አንድ ማሰሮ ውኃና የልጄን ጠርሙሶች ነው። «ይህ ሁሉ ሣጥን ለዚህች?» አለ። የልጄን ጭን አሳየሁት፣ መርፌ የበሳሳውን። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶልኝ ሄደ።

ፍሪጁ ሁለት አፍ አለው። በመብራትም ይበላል፣ በላምባም ይበላል። ከተማችን መብራት የሚያገኘው በሞተር ስለነበረ ከመሸ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱም ከመጣ። ሲመጣ እሳቱን አጥፍቼ ሶኬቱን እሰካለሁ፣ ሲሄድ ሶኬቱን ነቅዬ ክብሪት እጭራለሁ። ሌላው ሰው መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይፈልጋል። እኔ በጨለማ መጀመሪያ የምዳስሰው ፍሪጁን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ እዚያው ፍሪጁ አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ ቤታችን እየመጣች የምታስተምረን ልጅ «እናት፣ ሰሌዳውን እዩ እንጂ» ትለኝ ነበር።

አንድ ክረምት የከተማው ሞተር ተሰበረ ተባለ። ዕቃ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ከመብራቱ ኋላ ላምባም ከቀበሌው ሱቅ ጠፋ። ሰው ጀሪካኑን በሰልፍ ደርድሮ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበት፣ ቤቱ ይገባል፤ ጀሪካኖቹ ብቻ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ይውላሉ። እኔ እመላለስ ነበር። ጀሪካኔ ከሰልፉ ወደፊት አይሄድም፣ ቤት ያለው እሳት ደግሞ ክሩን እየበላ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ሺንሺቾ ያለችው እህቴ እነሱ ጋ ላምባ መግባቱን በመንገደኛ አስነገረችኝ። የሚያመጣልኝ ሰው ስላልነበረ እኔው ልሄድ ተነሣሁ። አማቴ ከገጠር መጥታ ነበር፣ ልጄን እንድትጠብቅ።

ስለ አማቴ መንገር አለብኝ። ከሀዲይኛ በቀር አትናገርም፣ የምሰማትም የምወዳትም በእሱ ነው። ቅቤዋ በገበያ የታወቀ ነው፤ ሰው ሌላውን ቅቤ በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፣ የእሷን ሳይቀምስ ይገዛል። ፍሪጁን ግን አልወደደችውም። «እኛ ብርድን ከቤት እናባርራለን፣ እናንተ አስገብታችሁ በር ትዘጉበታላችሁ» ትል ነበር። ልጄ በሳቅ ትወድቃለች፤ አያቷም ደስ ስለሚላት ደጋግማ ትለዋለች።

ሺንሺቾ ሄድኩ። ጭቃው አውቶቡሱን ያዘው፣ ወርደን ገፋን፣ እህቴ ቤት አደርኩ፣ በማግስቱ ጀሪካኔን ታቅፌ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሁሉ መስታወቷ ትታየኛለች፣ ጨለማ ሆና። ሰፈራችን ስደርስ ጎረቤቴ ከአጥሯ ላይ ጮኸች፦

«አንቺ ሰጋጅ! ላምባሽን ድፊው፣ መብራት መጥቷል! ማታ መጣ፣ እስካሁንም አልሄደ!»

ዕቃው ደርሶ ሞተሩ ተጠግኗል፤ እየሞከሩት ስለሆነም ቀኑን ሙሉ አላጠፉትም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቱ በርቷል። እጄን ይዞ ወደ ፍሪጁ ወሰደኝ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙሮታል።

«ነገ ደግሞ ቢሄድ፣ ብርዱን አጠራቅሜያለሁ» አለኝ። «ውኃ ሲመጣ ዕቃውን ሁሉ እንሞላ የለ? እንደዚያ ነው።»

ማሰሮው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ነበር። ልጄ ስባሪውን በጉንጯ ይዛ መናገር አቅቷት ትስቃለች። የሰፈር ልጆች ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል፣ አማቴ በድንጋይ እየሰበረች ታድላቸዋለች፣ ራሷ ግን አልቀመሰችም። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ጀሪካኑን ጥግ አስቀመጥኩ፣ ጠርሙሶቹን አየሁ፤ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ውስጣቸው ይንቀሳቀሳል። ማዞሪያውን ወደ ቦታው መለስኩና እግሬን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ወጋኋት። በሚቀጥለውም ቀን ወጋኋት። ልብስ እያጠብኩ ሳለ ጣሳው ተሰማኝ።

መጀመሪያ አማቴ ናት አልኩ። ዞሬ ሳይ አማቴ ከኋላዬ ቆማለች። በረዶ ስለበላች ጠምቷት ነው አልኩ። የጨው ብዛት ነው አልኩ። ሰው ፈርቶ ሲቆይ ለፍርሃቱ ምክንያት ማቀበል ይለምዳል። ጣሳው ግን አልቆመም። ልጄ ገረጣች፣ ጨዋታ ትታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ያበላኋትን መለሰች። ስቤ አቀፍኳትና አፍንጫዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

ሙዝ።

ባለቤቴን ከሥራ አስጠራሁት። «ምን ሰጣችኋት? እኔ በሌለሁበት ምን በላች?» እያልኩ ሁሉንም እጠይቃለሁ። እሱ ይምላል፣ መርፌውን ቀቅሎ፣ ልክ እንደማሳየው አድርጎ ወግቷታል። አማቴ የምንለው ስላልገባት በሀዲይኛ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«መድኃኒቱማ ደህና ነው» አለች። «እኔው ነኝ አዘጋጅቼ የሰጠሁት።»

«እንዴት አዘጋጀሽው፣ እማ?»

«ጠዋት ሳወጣው ሁሉም እንደ ድንጋይ ደርቋል። ልጄ ሥራ ሊረፍድበት ነው፣ ምን ላድርግ? እንደ ቅቤው ጡቴ ሥር ያዝኩት። ቀስ በቀስ ለሰለሰ። ምንም አልቀነሰም፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።»

እንዲህ ስትል ደረቷን በእጇ ደገፍ አድርጋ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ በብርድ ጠዋት የደረቀ ቅቤ እቅፍ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ለስልሶም ያው ቅቤ ነው። አንድም ቀን በረዶ ነክታ የማታውቅ ሴት ሌላ ምን ልታስብ? ባለቤቴ ማዞሪያውን አየ። ልጃችንን ተሸክሞ ወጣ፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ ተከተልኩት።

ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። እኔም አየሁ። መልኩ ያው ነው፣ ምንም አይለይም። ሞቶም ቆሞ የሚታይ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ አወቅሁ።

«በረዶ ሆኖ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲህ አለቀለት። እንደ ሙቀቱ ሁሉ በረዶም ይገድለዋል። የወጋችኋት ውኃ ነው፣ እናቴ። እኛ ጋ ደግሞ ይሄ መድኃኒት የለም። ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ ውሰዷት።»

«ዛሬውኑ» ይበል እንጂ፣ ያኔ ያለ ቀበሌ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም፣ ኬላ ላይ ያወርዳሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ስብሰባ አይቋረጥም አለኝ። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ድምፄ አይወጣም፤ ልጄን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ትኬት ሊቆርጥ ወደ መናኸሪያ ሮጧል። በዚህ መካከል ጎረቤቴ ወሬውን ሰምታ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ መጣች። የልጄን ፊት አየች። ጥበቃውን ምንም አላለችውም፣ እንደ ዕቃ ገፋ አድርጋው ገባች። ከውስጥ ድምፅዋ ብቻ ይሰማኛል፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈርምልኝ!»

«እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነን!»

«ስብሰባህን አላቋርጥም፣ እጅህን ብቻ ነው የምፈልገው። ካልፈረምክ ሬሳዋን እዚሁ ጠረጴዛህ ላይ አምጥቼ አስተኛልሃለሁ። ከዚያ በሷ ላይ ተሰብሰቡ!»

ከዚያ የማኅተም ድምፅ ሰማሁ፣ ጧ። ወረቀቱን ይዛ ወጣችና እጄ ውስጥ ጨመቀችው። «ሂጂ። እሳቱን እኔ አይልሻለሁ» አለችኝ፤ እሳት የማያስፈልግበት፣ መብራት ያለበት ቀን መሆኑን ረስታ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ረዳቱን ለምኖ ለእኔ ብቻ ቦታ አገኘ። አንዲት ነጋዴ ጆንያዋን ጭኗ ላይ አንሥታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የልጄ አተነፋፈስ ተለውጧል፤ ሩጫ የሮጠች ይመስል ከሆዷ እየሳበች ትተነፍሳለች፣ ዐይኖቿ ግን ተከድነዋል። ስትነቃ ውኃ ትላለች። በያዝኩት ኮዳ እሰጣታለሁ። «አታብዢባት፣ ያስመልሳታል» ይላሉ ከኋላ። እሰጣታለሁ።

ብርድ ስለነበረ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ትንሽ ከሄድን በኋላ ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ዞር ዞር ብሎ አየና በደህና ልብ፣ ለጨዋታ ያህል፣

«ማነው እባካችሁ ሙዝ የያዘው? ሽታው ገደለን፣ አካፍሉን እንጂ!» አለ።

ሰዎች ሳቁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ዘንቢላቸውን ነካኩ። ሙዝ የያዘ አልተገኘም። ነጋዴዋ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ልጄ፤ ገብቷት እንደሆነ አላውቅም፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈተችው። እኔ ልጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳትና አፏን ወደ አንገቴ አዞርኩት። ሽታውን ለብቻዬ ያዝኩት። ወንዱ ልጄ እዚያው ወንበር ላይ፣ ከእኛ ጋር፣ ጭኔ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ሁለቱም እኩል ከበዱኝ። አንዱን መልቀቅ አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ማንኛቸውን እንደለቀቅሁ ለእግዚአብሔር እንኳ አልነገርኩትም።

ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አየ፣ ልጄን አየ፣ ሹፌሩን ሂድ አለው።

ሆስፒታል ስንደርስ ከእጄ ወሰዷት። ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። የወጣው ሐኪም ወጣት ነበር፣ ደክሞታል። ልጅቷ ትተርፋለች አለኝ። አላመንኩትም፣ ገብቼ እስክሸታት ድረስ። በማግስቱ ትንፋሿ የሰው ትንፋሽ ሆኖ ነበር፤ ያልታጠበ አፍ፣ የሚጣፍጥ ነገር የሌለበት። ቀና ብላ «እማዬ፣ አያቴ በረዶውን ጨረሰችው?» አለችኝ።

አዲስ ጠርሙሶች ሰጡን። ሐኪሙ አንዱን አንሥቶ ዘንበል አደረገ፣ ውስጡ ወደ አንድ ጎን ፈሰሰ። «እንዲህ እያደረግሽ እይው። መብራት ሲጠፋ አትደንግጪ። የእናንተ አገር ደጋ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥላ ውስጥ ብታስቀምጪው ብዙ ቀን ይቆይልሻል። በረዶ ነው የምትፈሪው» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ወለል ላይ ተኝቼ የጠበቅሁት አንዱን ጠላት ብቻ ነበር። ሌላው ከመብራቱ ጋር በበሩ ገብቶ ነበር፣ እኛም እየሳቅን አስተናግደነዋል።

ስንመለስ አማቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ልጄን ከጀርባዬ ተቀብላ ሳመቻት፣ ዳበሰቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ያለሰለስኩት መድኃኒት ጠቅሟታል አይደል? እስከምታደርሻት ድረስ ያቆያት እሱ ነው አይደል?»

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እንጨት ልፈልጥ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። የሚፈለጥ እንጨት አልነበረም።

«አዎ፣ እማ» አልኩ። «እሱ ነው ያቆያት።»

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሆነ ገበያ ሄዳ ትናገረዋለች፣ የልጅ ልጇን መድኃኒት በእቅፏ እንዳዳነችው። ልጄ አድጋ ነገሩን ሁሉ አውቃለች፤ አያቷ ስታወራ ግን እንደኔው አዎ ትላለች።

ዛሬም መብራት እንደፈለገ ይሄዳል፣ እንደፈለገ ይመጣል። ሲሄድ እርጥብ ጨርቄን አነሣለሁ፣ ልቤ በቦታው ነው። ሲመጣ ግን የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ፣ ሰው ሁሉ እሰይ ሲል፣ እኔ የያዝኩትን ጥዬ ፍሪጁን እከፍታለሁ። ጠርሙሱን አወጣለሁ፣ ዘንበል አደርጋለሁ።

«እማዬ፣ ፈሳሽ ነው፣ አሁን እኮ አየሽው» ትላለች ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ መልሺው፣ በእጅሽ እየሞቀ ነው።»

እመልሰዋለሁ። በሩን እዘጋለሁ። ልጄ እስክታቀረቅር እጠብቅና ደግሞ እከፍተዋለሁ።